ቴዎዶር ሩዝቬልትና የሐዲድ ጌቶች

በኅዳር ወር 1896 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውን ያቋረጠው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ፥ ከውስጡ የወረዱት መንገደኞች ነጋዴዎች ብቻ አልነበሩም። በማርሴይ የአሜሪካ ዋና ቆንስል የነበሩት ሮበርት ስኪነር፥ ከሃያ የሚበልጡ የባሕር ኃይል ሰዎች አስከትለው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ የሚሄዱ መልእክተኛ ሆነው ወረዱ። ከተማይቱ ያን ጊዜ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረች። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እስከዚህ ደርሶ ስለ ቆመ፥ ከዚህ ወዲያ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው በቅሎና ግመል ብቻ ነበር። መልእክተኞቹም ጓዛቸውን አስጭነው ቆላውንና ደጋውን አልፈው በታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ በታኅሣሥ 17 ቀንም በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የመጀመሪያው የንግድ ውል ተፈረመ።

ውሉ አጭር ነው። የሁለቱ አገር ሰዎች በሰላም ይነግዱ ዘንድ፥ ለሌላ መንግሥት ነጋዴ የተፈቀደውም ጥቅም ለአሜሪካ ነጋዴ እንዲፈቀድ የሚል ነው። አሜሪካኖችን ይህን ያህል መንገድ ያስመጣቸውን ነገር ለማወቅ ሩቅ መመራመር አያስፈልግም፤ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ የሚሸጠው አቡጀዲ ብዙው የእነርሱ ፋብሪካ ሥራ ሲሆን፥ ትርፉ ግን በመካከል ባሉ በሌሎች አገሮች ነጋዴዎች እጅ ይቀር ነበር። ምኒልክም መልእክተኛውን በክብር ተቀብለው ሲያሰናብቱ፥ ለላኪያቸው ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሁለት አንበሶችና የዝሆን ጥርስ ሰደዱ።

እኚህ ሩዝቬልት፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በየካቲት 1937 ዓ.ም. በግብፅ በመራራው ሐይቅ ላይ ከተገናኟቸው ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋራ እንዳይምታቱ ያስፈልጋል። ፍራንክሊን የሩቅ ዘመዳቸውና የወንድማቸውን ልጅ ያገቡ፥ በዘመንም ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ ናቸው። የፊተኛው ሩዝቬልት ታሪክ ግን ለድሬዳዋ ሰው ከኋለኛው ይልቅ ይቀርበዋል። በአገር ውስጥ የሠሩት ሥራ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነበርና፤ ይኸውም መንገዱን በእጁ የያዘ ኩባንያ ሕዝቡን ያዝዛል ወይስ መንግሥት ኩባንያውን ያዝዛል የሚል ነው። ድሬዳዋም ከዚሁ ጥያቄ ጋራ አብራ የተወለደች ከተማ ናት።

ቴዎዶር ሩዝቬልት በጥቅምት 1851 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከባለጸጋ ቤት ተወለዱ። በልጅነታቸው አስም እየያዛቸው ሌሊት ተቀምጠው የሚያድሩ ደካማ ልጅ ነበሩ። አባታቸው አእምሮህ ብቻውን ሰውነትህ ካልረዳው ሩቅ አያደርስህም ብለው ስለ መከሯቸው፥ ሰውነታቸውን በእንቅስቃሴ እያጠነከሩ አደጉ። በሐርቫርድ ተምረው በ1874 ዓ.ም. ገና በ23 ዓመታቸው የኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆኑ።

በዚያ ምክር ቤት ሳሉ የደረሰ አንድ ነገር የኋላ ጠባያቸውን ስለሚገልጥ ሊነገር ይገባል። በኒው ዮርክ በየድሀው ቤት ሲጋራ መጠቅለል እንዲከለከል የሚጠይቅ ሕግ ቀረበ። ሩዝቬልት እንደ ባለጸጋ ልጅ፥ ሰው በገዛ ቤቱ የፈለገውን ቢሠራ መንግሥትን ምን አገባው ብለው ሕጉን ሊቃወሙ አስበው ነበር። ከሠራተኞቹ መሪዎች አንዱ ግን ከመቃወምዎ በፊት ሄደው ይዩ አላቸው፤ ሄዱም። በአንድ ክፍል ውስጥ ወንዱም ሴቱም ሕፃናቱም የሚበሉበት፥ የሚተኙበትና ትምባሆ የሚጠቀልሉበት አንድ ስፍራ ሆኖ፥ ቅጠሉ ከምግቡና ከመኝታው ጋራ ተደባልቆ አገኙት። ተመልሰውም ለሕጉ ተከራከሩለት። ሕጉ ወጣ፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ጥቂት ቆይቶ የሰውን የመሥራት ነፃነት ይነካል በማለት ሻረው። ሩዝቬልት ከዚያ በኋላ ስለ ዳኞች ሲናገሩ፥ ድሀው የሚኖርበትን ቤት አይተው የማያውቁ ሰዎች በመልካም አሳብ ክፉ ፍርድ እንደሚፈርዱ ይህን ታሪክ ያነሡ ነበር።

በየካቲት 1876 ዓ.ም. እናታቸውና ሚስታቸው በአንድ ቀን በአንድ ቤት ሞቱባቸው፤ ሚስታቸው ከወለደች ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ከዚህ ኀዘን የተነሣ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ዳኮታ በረሓ ሄደው ከብት በማርባት ከእረኞች ጋራ ኖሩ። ተመልሰው ከ1881 እስከ 1887 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ቅጥር ኮሚሲዮን አባል ሆኑ። በአሜሪካ ያን ጊዜ አንድ ወገን በምርጫ ሲያሸንፍ ከፖስታ ቤት ጸሐፊ ጀምሮ ያለውን ሠራተኛ አባሮ የገዛ ወዳጆቹን ይሾም ነበር። ሩዝቬልት በፈተና የሚያልፍ ብቻ እንዲቀጠር የሚያዘውን ሕግ በእውነት ለማስፈጸም ስለ ተነሡ፥ የገዛ ወገናቸው ሹማምንት ሳይቀሩ ጠሏቸው። ቀጥሎ የኒው ዮርክ ፖሊስ አዛዥ ሆነው ሌሊት ሌሊት በእግራቸው እየዞሩ የተኛውን ዘበኛ ይቀሰቅሱ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. ከእስጳንያ ጋራ በኩባ በተደረገው ጦርነት ስማቸው ስለ ገነነ፥ የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። እዚያም በኩባንያዎች ላይ ግብር ቢጥሉ የወገናቸው አለቆች ተጨነቁ። መክረውም ከአገረ ገዥነት የሚያስወግዷቸውን ዘዴ አገኙ፤ ሥልጣን የሌለበትን ከፍተኛ ማዕርግ፥ የምክትል ፕሬዚዳንትነትን ሰጧቸው። ሾሞ ማራቅ በአሜሪካ ብቻ የሚታወቅ ጥበብ አይደለም። ነገር ግን ይህ ዘዴ በባለቤቶቹ ላይ ተገለበጠ። ፕሬዚዳንት ማክንሌይ በጳጉሜን 1 ቀን 1893 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው በመስከረም 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ስለ ሞቱ፥ ሊያርቋቸው የፈለጉት ሰው በ42 ዓመታቸው በዋሺንግተን በትልቁ ወንበር ተቀመጡ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ እውነተኛው ኃይል በማን እጅ እንደ ነበረ ለመረዳት የምድር ባቡርን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ገበሬው እህሉን፥ ከብት አርቢው በሬውን ወደ ገበያ የሚያደርስበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ኩባንያውም ዋጋውን እንደ ወደደ ይቆርጥ ነበር። ትልቁ ነጋዴ በግልጥ የታወቀውን ዋጋ ከፍሎ በስውር ግማሹ ይመለስለታል፤ ትንሹ ነጋዴ ሙሉውን ይከፍላል፤ እንግዲህ በአንድ ገበያ እንዴት እኩል ሊሸጡ ይችላሉ? ሙሴ በሕጉ፥ ሰሎሞንም በምሳሌው የነቀፉት የሁለት ሚዛን ነገር በሐዲድ ላይ የተደረገ ሲሆን ይህ ነው። ከዚህም በላይ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትረስት በሚባለው ማኅበር በአንድ እጅ እየተጠቃለሉ ተወዳዳሪ የሌላቸው ሆኑ። የገንዘብ ባለቤቱ ሞርጋንና የሐዲድ ጌቶቹ ሂልና ሐሪማን በሰሜን ምዕራብ ያሉትን ትልልቅ መስመሮች ኖርዘርን ሴኩሪቲስ በተባለ አንድ ማኅበር ሥር አደረጓቸው።

ሩዝቬልት በ1894 ዓ.ም. ለማንም ሳይነግሩ ይህን ማኅበር በመንግሥት ስም ከሰሱ። ሞርጋን ደንግጠው ወደ ዋሺንግተን መጡና የሠራነው ስሕተት ካለ የእርስዎ ሰው ከእኔ ሰው ጋራ ተገናኝቶ ያስተካክለው አሉ፤ ከንጉሥ ጋራ የሚነጋገር ሌላ ንጉሥ እንደ ማለት ነው። ሩዝቬልትም ከዚህ የተረዱት፥ ባለጸጋው የአገሩን መንግሥት እንደ አንድ ተወዳዳሪ ነጋዴ እንደሚያየው ነበር። ነገሩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 5 ቀን 1896 ዓ.ም. አምስት ዳኞች ለመንግሥት፥ አራቱ ለማኅበሩ ፈርደው ማኅበሩ እንዲፈርስ ሆነ። ይህ ፍርድ የተሰጠው የአዲስ አበባው ውል ከተፈረመ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው ነው።

ይኸው 1894 ዓ.ም. ለድሬዳዋም የሚታሰብ ዓመት ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት የሐዲድ ፈቃድ ሰጥተው ነበር፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሸፍኑ ጋራ ኩባንያ አቋቋሙ። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ሳለ፥ ተራራውን የመውጣቱ ወጪ ስለ በዛ ከተራራው ሥር በደቻቱ ዳር ጣቢያ ተተክሎ፥ ስፍራው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ኩባንያው ገንዘብ ባጠረው ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ሊሰጠው በ1894 ዓ.ም. በፓሪስ ውል ተፈራረመ፤ የአገሩ ንጉሠ ነገሥት ግን አልተጠየቁም። በዚህም ለግል ኩባንያ የተሰጠው ፈቃድ የሌላ መንግሥት ጉዳይ ሆነ። ምኒልክ ተቆጡ፤ ከክርክሩም ከገንዘብ እጦቱም የተነሣ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። እንግዲህ ዋሺንግተን ኩባንያውን በፍርድ ቤት በከሰሰችበት ዓመት፥ አዲስ አበባ በገዛ ምድርዋ ላይ ስለሚሄደው ሐዲድ የምትከስበት ፍርድ ቤት አልነበራትም። ሩዝቬልትና ምኒልክ የተቋቋሙት ነገር ተመሳሳይ ሲሆን በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ግን እጅግ የተለያየ ነው።

በዚያው ዓመት ከግንቦት ጀምሮ በፔንሲልቫንያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከመቶ ሺሕ በላይ ሆነው ሥራ አቆሙ። ማዕድኑ አብዛኛው የባቡር ኩባንያዎች ሀብት ነበረና ይህም ጠብ ከሐዲድ ጌቶች ጋራ ነበር። ክረምት ሲቃረብ በየከተማው ቤት የሚሞቅበት ከሰል ታጣ። ከጌቶቹ አንዱ የሬዲንግ ባቡር አለቃ ጆርጅ ባየር፥ የሠራተኛው መብት የሚጠበቀው በሠራተኛ መሪዎች ሳይሆን እግዚአብሔር የአገሩን ሀብት በሰጣቸው ክርስቲያን ባለጸጎች እጅ ነው ብለው ጻፉ። ደብዳቤው በጋዜጣ በወጣ ጊዜ፥ የባለጸጎቹን ነገር ከሠራተኞቹ መሪዎች ይልቅ የጐዳው ይህ ቃል ነው፤ ካህናቱ ሳይቀሩ ስመ እግዚአብሔርን ለገንዘብ መጠበቂያ ማድረጉን ነቀፉ።

ሩዝቬልት በመስከረም 23 ቀን 1895 ዓ.ም. ሁለቱን ወገኖች ጠሩ። በሠረገላ አደጋ እግራቸው ቆስሎ ነበርና በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ተቀበሏቸው። የቆፋሪዎቹ አለቃ ጆን ሚቸል በትሕትና ሲናገር፥ ባለጸጎቹ ፕሬዚዳንቱን ሳይቀር ተሳደቡ። ስብሰባው ያለ ፍሬ ተበተነ። ሩዝቬልትም ነገሩ ካልተጨረሰ ጦር አስገብተው ማዕድኑን በመንግሥት እጅ እንደሚያስቆፍሩት ወሬው እንዲደርሳቸው አደረጉ፤ ሞርጋንም ገቡበትና ባለጸጎቹ ለሽማግሌ ዳኝነት ተስማሙ። ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ መካከል የሠራተኛ ማኅበር ሰው አይግባ አሉ፤ የተፈቀደው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ የሆነ አንድ ሰው ነበር። ሩዝቬልት በሊቁ ስፍራ የባቡር ሠራተኞችን ማኅበር አለቃ ሾሙ፤ ባለጸጎቹም ሰውዬው ሊቅ ከተባለ ዘንድ ምንም አልተቃወሙም። አንድ የካቶሊክ ጳጳስም፥ ስፖልዲንግ የሚባሉ፥ ተጨመሩ። ፍርዱ በመጋቢት 1895 ዓ.ም. ሲወጣ ደመወዝ በመቶ አሥር ጨመረ፥ የሥራው ሰዓትም ከአሥር ወደ ዘጠኝ ወረደ፤ የሠራተኛው ማኅበር ግን በባለጸጎቹ ዘንድ የታወቀ እንዲሆን አልተወሰነለትም። ከዚያ በፊት የአሜሪካ መንግሥት በእንዲህ ያለ ጠብ ሲገባ ለባለንብረቱ ሊያግዝ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኖ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው።

የሥራቸው ጫፍ ግን በሰኔ 22 ቀን 1898 ዓ.ም. የወጣው ሄፕበርን የተባለው ሕግ ነው። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ የባቡር ንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሲዮን ቢኖርም፥ ከመጠየቅና ከመጻፍ በቀር ሥልጣን አልነበረውም። አዲሱ ሕግ ኩባንያው ከዚህ በላይ አያስከፍልም የሚል የዋጋ ወሰን የመቁረጥንና የኩባንያውን መዝገብ ገልጦ የማየትን ሥልጣን ሰጠው። መዝገብ የማየቱ ሥልጣን ከዋጋ ወሰኑ አያንስም፤ ሒሳቡን ያላየ ሰው ዋጋው ልክ ይሁን አይሁን በምን ያውቃል? ሕጉ ሌላም ነገር ከለከለ። ኩባንያዎቹ ለሹማምንትና ለምክር ቤት አባሎች ነፃ የመሳፈሪያ ወረቀት በየዓመቱ ያድሉ ነበር፤ ያን ወረቀት በኪሱ የያዘ ሹም ስለ ኩባንያው ምን ብሎ እንደሚፈርድ የታወቀ ነው። ይህ ስጦታ ቀረ። ለሃይማኖት አገልጋዮች ግን በነፃ መሳፈር እንደ ተፈቀደ ቀርቷል፤ የሕጉ ጸሐፊዎች በካህናት ወረቀት ፍርድ ይጣመማል ብለው አልፈሩም።

በማግሥቱ የሥጋ ፋብሪካዎች እንዲመረመሩና መድኃኒትና ምግብ ባልሆነው ስም እንዳይሸጥ የሚያዙ ሁለት ሕጎች ተጨመሩ፤ አንድ ደራሲ በቺካጎ ስለ ሥጋ ፋብሪካዎች ርኵሰት የጻፈው ልብ ወለድ ሕዝቡን ስለ አስቆጣ ነው። ስለ ደንም የሠሩት እንዲህ በአጭሩ የሚታለፍ አልነበረም፤ በዘመናቸው ለሕዝብ ተብሎ የተከለለው ደንና ምድር 230 ሚሊዮን ኤከር ያህል ነው፤ ይህም ከመላው የኢትዮጵያ ስፋት ብዙ የማያንስ ነው። ምክር ቤቱ በ1899 ዓ.ም. በስድስት ግዛቶች ደን እንዳይከልሉ የሚከለክል ሕግ ባወጣ ጊዜ፥ ከመፈረማቸው በፊት በቀሩት ጥቂት ቀናት 16 ሚሊዮን ኤከር ከልለው ከዚያ በኋላ ሕጉን ፈረሙት።

ሰውን በሙሉ ለማወቅ ጉድለቱንም ማየት ይገባል። በአገራቸው ለደካማው የቆሙት ሩዝቬልት በውጭ አገር ደካማውን ገፍተዋል። መልእክተኛቸው በድሬዳዋ ጓዙን በሚያስጭንበት በዚያው ኅዳር፥ ለቦይ የሚሆነውን ምድር ሲሉ ፓናማ ከኮሎምቢያ እንድትገነጠል ረድተው ውሉን ለራሳቸው ጥቅም ያስፈርሙ ነበር። አዲስ አበባ ግን በትሕትና መልእክተኛ መላካቸው፥ አድዋ ገና ስምንት ዓመት ያልሞላው ትዝታ ስለ ነበረ ይመስላል።

በጥቁሮች ነገርም እንዲሁ ሁለት ልብ ነበሩ። በ1894 ዓ.ም. ጥቁሩን ሊቅ ቡከር ዋሺንግተንን በቤታቸው ራት ቢጋብዙ የደቡብ ሰዎች ስለ ጮኹባቸው፥ ግብዣውን አልደገሙትም። የአዲስ አበባው ውል በዋሺንግተን ከጸደቀ በኋላ በሰኔ 1896 ዓ.ም. ይዞ የተነሣው ኬንት ሉሚስ የተባለ ሰው ከመርከብ ላይ ጠፍቶ አስከሬኑ በእንግሊዝ ዳርቻ ሲገኝ፥ ውሉን ለምኒልክ ያደረሱት የጉዞ ባልንጀራው ዊልያም ኤሊስ ናቸው። እኚህ ሰው በቴክሳስ በባርነት ተወልደው ነጋዴ የሆኑ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ግን በብራውንስቪል በተተኮሰ ጥይት የተነሣ፥ ጥፋተኛው ስላልታወቀ፥ ሩዝቬልት 167 ጥቁር ወታደሮችን ያለ ፍርድ ከነውር ጋራ አባረሩ። የአሜሪካ ጦር ስማቸውን ያነጻው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ከሁሉም ማለት ይቻላል በሕይወት የቀረ አልነበረም። የሁለት ሚዛንን ነገር በሐዲድ ላይ ያዩ ዓይኖች በዚህ ስፍራ አላዩትም።

ከፕሬዚዳንትነት በ1901 ዓ.ም. ከወረዱ በኋላ ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው በኬንያ፥ በኡጋንዳና በሱዳን አለፉ፤ ኢትዮጵያን ግን አላዩም። በ1905 ዓ.ም. መጀመሪያ ፕሮግሬሲቭ የተባለ አዲስ ወገን ይዘው ለምርጫ ሲወዳደሩ በሚልዋኪ በጥይት ተመትተው፥ ጥይቱ በደረታቸው እያለ ንግግራቸውን ጨረሱ፤ ምርጫውን ግን ዊልሰን አሸነፉ።

በድሬዳዋ የሐዲዱ ጥያቄ እንደ ቆመ ነበር። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ሐዲድዋ በለንደን ተዋዋሉ። አሮጌው ኩባንያ ወድቆ በ1900 ዓ.ም. ሌላ ተተካ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚህ ጊዜ ገደማ የመስመሩ ተቆጣጣሪ፥ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የተሾሙት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። በአድዋ አጠገብ ተወልደው በልጅነታቸው በመርከብ ወደ አውሮፓ የተሻገሩ፥ በጀርመን የተማሩ ሰው ናቸው። ስለ ምኒልክ በጻፉት የንጉሥ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፥ ግብር የተወሰነ እንዲሆን፥ ቀረጥም በአንድ ደንብ እንዲቀረጥ ለምነዋል። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው ደግሞ፥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ የደከመበትን ቡናና ቆዳ ጥቂት ድካም በወጣበት ፋብሪካ ዕቃ ሲለውጥ፥ በንግድ ስም ለባለ ዕውቀቱ እንደሚገዛ አስረዱ። ይህን የሚያስብ ሰው በድሬዳዋ ጉምሩክ ተቀምጦ በአንዱ ፉርጎ የሚወጣውን ጆንያና በሌላው የሚገባውን ጣቃ በየቀኑ ያይ ነበር። ሩዝቬልት የኩባንያውን መዝገብ የሚገልጥ ኮሚሲዮን ነበራቸው፤ ነጋድራሱ ግን የነበራቸው የራሳቸው የጉምሩክ መዝገብ ብቻ ነው።

ቴዎዶር ሩዝቬልት በ60 ዓመታቸው በታኅሣሥ 28 ቀን 1911 ዓ.ም.፥ በእኛ አቆጣጠር በልደት ዋዜማ፥ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ሞቱ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወትም በዚያው ዓመት ገና በ33ኛው ዓመታቸው ዐረፉ። መጽሐፋቸው በ1916 ዓ.ም. ሲታተም ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ሰባተኛ ዓመቱ ነበር፤ የኩባንያው ዋና ጽሕፈት ቤትም ገና በፓሪስ ነበር።